የአምባርና የብራስሌት ልክ፦ ከድሬና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከድሬዳዋም ከሐረርም የእጅ ጌጥ የሚያዝዙ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁንን፣ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እየሄድን መልሰናል።

የእጄ ልክ የሚለካው የቱ ጋ ነው?

እጃችሁን ዘርጉና አንጓችሁን እዩት። በትንሿ ጣት በኩል ጎላ ብሎ የሚታይ አጥንት አለ። ሜትሩን ከዚያ አጥንት አጠገብ፣ ብራስሌቱ እንዲያርፍ የምትፈልጉበት ቦታ ላይ ጠምጥሙት። ከአጥንቱ በላይ ወደ ክንድ ከፍ አድርጋችሁ የምታስሩ ከሆነ ግን አጥንቱ ራሱ ላይ ለኩ። ሰፊው ቦታ እሱ ስለሆነ ጌጡ እዚያ ላይ ማለፍ አለበት።

ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጫነው። ሥጋውን ቆንጥጦ ከያዘ ጠብቋል፤ ትንሿ ጣት በሥሩ ካለፈች ላልቷል። ቁጥሩን ሳትቆርጡና ሳታጠጋጉ ጻፉት። 15.5 ከሆነ 15.5 ነው፤ “ወደ 16 ገደማ” አይባልም። በእጅ ጌጥ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ትልቅ ነገር ነው።

ቤት ውስጥ ሜትር የለም። በምን ልለካ?

በወረቀት። የጣት ውፍረት ያህል ቀጠን ያለ ቁራጭ ቅደዱና አንጓው ላይ ጠምጥማችሁ፣ ጫፉ የሚደርስበትን በእስክሪብቶ አመልክቱ። ከዚያ ዘርግታችሁ በተማሪ ማስመሪያ ለኩት። ማስመሪያም ከጠፋ የፎቶ ኮፒ ወረቀት (ኤፎር የሚባለው) አጭር ጎኑ 21 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅም ጎኑ 29.7 ነው። የባንክ ኤቲኤም ካርድ ርዝመት ደግሞ 8.56 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የትም አገር ይውጣ አይለያይም።

የሹራብ ክር አትጠቀሙ፤ ይሳባል። ላስቲክማ ጭራሽ አይሞከርም። የቻርጀር ገመድ ጠምጥመው የሚለኩም አሉ። እሱ ደግሞ ከወፍራምነቱ የተነሳ ልኩን ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያስረዝመዋል፤ ስለዚህ ይቅርባችሁ።

ሐረር ጀጎል አካባቢ ያላችሁ ግን ምን አስጨነቃችሁ? የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ሂዱና ሲንጀሩ ላይ የተቀመጠውን ልብስ ሰፊ “ወንድሜ፣ እጄን ለካልኝ እስቲ” በሉት። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስተውሉ፦ የልብስ ሰፊ ሜትር ብዙውን ጊዜ በአንድ ገጹ ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው ኢንች ነው። “ስድስት ተኩል” ካሏችሁ በኢንች ነው ማለት ነው። በ2.54 አባዙት፤ 16.5 ሴንቲ ሜትር ይመጣል።

በለካሁት ላይ ስንት ልጨምር?

ይህ የሰንሰለት ብራስሌትን ይመለከታል። ጥብቅ ብሎ እንዲቀመጥ የሚፈልግ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ይጨምር። ብዙ ሰው የሚመቸው አንድ ተኩል ሲጨመር ነው። እጅ ላይ እየተንከባለለ ወረድ እንዲል የሚፈልግ ደግሞ ከ2 እስከ 2.5 ይጨምር። ከዚያ በላይ ሲሆን ዕቃ በታጠበ ቁጥር እየወረደ ያስቸግራል፤ በር እጀታ ላይም ይያዛል።

የእኔን ምክር ካላችሁ፣ የድሬ ሰው ጥብቁን ባይመርጥ ይሻላል። ላብ ሲኖር የተጣበቀ ብረት ቆዳ ያሳክካል፤ ከሥሩም አየር አያልፍም።

ሱቅ ስሄድ “የሴት 18፣ የወንድ 20” ይሉኛል። ልክ ነው?

ፋብሪካ የለመደው ልክ ነው እንጂ የእናንተ ልክ አይደለም። 18 ሴንቲ ሜትር ሰንሰለት አንጓዋ 16 ገደማ ለሆነ ሴት ይመቻል። አንጓችሁ 14 ከሆነ ይንሸራተታል፤ 18 ከሆነ ጭራሽ አይቆለፍም። ለክታችሁ ሂዱ።

የማይከፈት ድፍን አምባርስ? አንጓዬን ለክቼ ሰጠሁ፣ አልገባ አለኝ።

ከሁሉ በላይ የሚመጣልን ጥያቄ ይሄ ነው። መልሱም አጭር ነው፦ ድፍን አምባር የሚለካው በአንጓ አይደለም፣ በመዳፍ ነው። ሰንሰለት ተከፍቶ ይታሰራል፤ ስለዚህ የሚያገኘው አንጓችሁን ብቻ ነው። ድፍኑ አምባር ግን አንጓችሁ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ መዳፋችሁን ማለፍ አለበት። አንጓቸው እኩል 16 የሆነ ሁለት እህትማማቾች መዳፋቸው 18 እና 20 ሊሆን ይችላል። አንዷ የምትለብሰው አምባር ለሌላዋ አይገባም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሳሙና ይዛችሁ አምባር የምታስገቡ ይመስል አውራ ጣታችሁን ወደ ትንሿ ጣት አጥፉት። አራቱ ጣቶች ገጠም ይበሉ። አሁን መዳፉ በጣም የሚሰፋበትን ቦታ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የአውራ ጣት መጋጠሚያ ጎልቶ የሚወጣበት ነው። ሜትሩን እዚያ ላይ አዙሩ። ጠበቅ አድርጉት፣ ግን አትጭመቁት። ያገኛችሁት የዙሪያው ልክ ነው። እሱን ለ3.14 ስታካፍሉት የአምባሩ የውስጥ ስፋት ይመጣል፤ ማለትም ከአንዱ የውስጥ ጠርዝ እስከ ትይዩው ጠርዝ ያለው። መዳፋችሁ 19 ከሆነ ወደ 6.05 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ሁለት ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የአምባሩ ብረት ጠፍጣፋና ሰፊ ከሆነ፣ ማለትም ሁለት ጣት ያህል ወርድ ካለው፣ ከልካችሁ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ (ስለ አምባር ቁጥር ከታች አለ)። ቀጭን አምባር ዘንበል እያለ በመዳፉ ያልፋል፤ ሰፊው ግን ማዘንበል አይችልም። ሁለተኛ፣ ጣቶቻችሁ አጥንታቸው ጠንካራ ከሆነና መዳፋችሁ እምብዛም የማይታጠፍ ከሆነ ቁጥሩ ላይ አትቆጥቡ። ለስላሳ መዳፍ ያላት ሴት ከለካችው በታች የሆነውን እንኳን አሽታ ታስገባለች። ሌላዋ አትችልም።

አምባሩ ላይ 2.4፣ 2.6፣ 2.8 የሚል ቁጥር አለ። ምን ማለት ነው?

የህንድ አምባር ቁጥር ነው። ድሬ ቀፊራ ገበያም ሆነ ሐረር ጀጎል ውስጥ በደርዘን ታስረው የሚሸጡት የብርጭቆና የብረት አምባሮች ብዙዎቹ በዚህ ቁጥር ነው የሚመጡት። ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነጥብ አለ፦ 2.4 ማለት ሁለት ነጥብ አራት ኢንች ማለት አይደለም። ሁለት ኢንች ከአራት አሥራ ስድስተኛ ማለት ነው። አንድ ኢንች ለ16 ተከፍሎ ነው የሚቆጠረው። የሚለካውም የውስጥ ስፋቱ ነው።

ስለዚህ 2.2 የሚባለው 5.4 ሴንቲ ሜትር ነው። 2.4 ወደ 5.7፣ 2.6 ወደ 6.0፣ 2.8 ደግሞ 6.35 ሴንቲ ሜትር። ቀጥሎ የሚመጣው 2.10 ነው፤ “ሁለት ነጥብ አንድ” ብላችሁ ታናሽ እንዳይመስላችሁ። ከ2.8 ይበልጣል፤ ስፋቱም 6.7 ገደማ ነው። 2.12 ደግሞ 7 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል።

መዳፋችሁን ለክታችሁ ዙሪያው 18 ከሆነ 2.4 ላይ ናችሁ። 19 ከሆነ 2.6፣ 20 ከሆነ 2.8፣ 21 ከሆነ 2.10። መሃል ላይ ከወደቃችሁ ትልቁን ውሰዱ። በተለይ የብርጭቆ ከሆነ በግድ እንዳታስገቡት። ብርጭቆ አይለጠጥም፤ ተሰብሮ እጅ ይቆርጣል። ለሠርግ ሙሉ ክንድ የምትደረድር ሙሽራ ደግሞ ከሂናው ቀን በፊት አንዱን ብቻ ገዝታ ትሞክረው። ሂና የተቀባ እጅ ላይ አምባር መሞከርም ሳሙና መቀባትም አይመችም።

ጠዋት ልለካ ወይስ ማታ?

ከሰዓት። 10 ሰዓት አካባቢ ጥሩ ነው። እጅ ቀኑን ሙሉ አንድ አይነት አይደለም። ሙቀት ሲኖር የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ፈሳሽም ወደ ጣትና አንጓ ይወርዳል። ጨው የበዛበት ምግብ፣ ረጅም የእግር መንገድ፣ የመኪና ጉዞ፣ እርግዝና፣ ሁሉም እጅን ያሳብጣሉ።

እኛ ጋ ይሄ ነገር ከሌላው አገር ይብሳል፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያየ አየር ውስጥ ነው የምንኖረው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ። በመኪና ከአንዷ ወደ ሌላዋ ብዙ አይወስድም፤ ግን ሐረር ጠዋት ሹራብ የለበሰ ሰው ድሬ ሲወርድ ሸሚዙን ይፈታል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ ቀን 35 ዲግሪ ይደርሳል። ሐረር በብርድ ጠዋት ተለክቶ የተሠራ ጥብቅ አምባር ድሬ፣ ደቻቱ ሰፈር ሲደርስ ያንቃል። ሐረር ሆናችሁ የምትለኩ፣ ለድሬ ዘመድ ወይም ራሳችሁ ድሬ የምትመላለሱ ከሆነ፣ ጠዋት አትለኩ። በሞቀ ውሃ እጃችሁን ታጥባችሁ ከሰዓት ብትለኩ ይሻላል።

በተቃራኒው ድሬ ላይ በቀትር፣ ከፀሐይ እንደገባችሁ ወዲያው አትለኩ። ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አረፍ በሉ። አቦ፣ ውሃም ጠጡ!

ቀኝ እጄን ነው ግራዬን?

ጌጡን የምታደርጉበትን። የምንሠራበት እጅ በጥቂቱ ወፍራም ነው፤ የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ይኖራል። በሁለቱም እያፈራረቃችሁ የምታደርጉ ከሆነ ሁለቱንም ለኩና ትልቁን ስጡ።

የዶቃ ብራስሌት በልኬ አሠርቼ ጠበበኝ። ለምን?

ዶቃው ራሱ ቦታ ስለሚበላ ነው። ክሩን ዘርግታችሁ ስትለኩት የምታገኙት ርዝመት በዶቃዎቹ መሃል የሚያልፈው ነው። ቆዳችሁን የሚነካው ግን የዶቃው የውስጥ ጎን ነው፤ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ያጥራል። የሚያጥረው በስንት እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው፦ የዶቃውን ውፍረት በ3.14 አባዙት።

ዶቃው 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1.9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበላል። 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ 2.5፣ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ 3.1። አንጓችሁ 16 ቢሆንና ባለ 10 ሚሊ ሜትር ዶቃ ቢፈለግ፣ 16 ላይ 3.1 ትጨምራላችሁ፤ ለመላወሻ ደግሞ አንድ። ክሩ ላይ የሚደረደረው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። “ልኬ 16 ነው” ብላችሁ ብቻ ለሠራተኛው ከሰጣችሁ፣ እሱም 17 ላይ ከቋጠረው፣ መጥበቡ አይቀርም። ላስቲክ ክር ነው ብላችሁም አትዘናጉ። በየቀኑ የሚወጠር ላስቲክ ቶሎ ይበጠሳል፤ ዶቃው መንገድ ላይ ይበተናል።

ይህ ሂሳብ ለወፍራም ሰንሰለትም ይሠራል። ቀጭን የወርቅ ቼን ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ ወፈር ያለ የወንድ ሰንሰለት ላይ ግን ይታያል።

አፉ ክፍት የሆነ አምባርስ ልክ ያስፈልገዋል?

ያስፈልገዋል። ሰው “ይጠባል ይሰፋል” እያለ ሳይለካ ይገዛል። ክፍት አምባር በአንጓ ነው የሚለካው። የብረቱ የውስጥ ርዝመትና የክፍተቱ ስፋት ሲደመሩ ከአንጓችሁ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢበልጡ ይበቃል። ክፍተቱ ብዙ ጊዜ 2.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው።

ሲደረግ ከፊት ለፊት ገፍታችሁ አይደለም። አንጓችሁ በጎን በኩል ቀጭን ነው፤ በዚያ በኩል አንዱን ጫፍ አስገቡና አዙሩት። ባደረጋችሁት ቁጥር ጫፎቹን እየሳባችሁ የምትከፍቱት ከሆነ ብረቱ እየደረቀ ይሄድና አንድ ቀን ከመሃሉ ይሰነጠቃል። ብርም ወርቅም እንዲሁ ነው። አንዴ በአንጥረኛ እጅ በልካችሁ ይጠጋ፤ ከዚያ አትነካኩት።

ለሕፃን ልጅ ስንት ይሠራ?

ልጅ በየወሩ ስለሚያድግ፣ ገጥሞ የሚቀር ድፍን አምባር ባይሠራለት እመርጣለሁ። የሚሰፋ፣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ክፍት አምባር ይሻላል። አንጓው ላይ ሲሆን የእናንተ ትንሿ ጣት በሥሩ ያለችግር ማለፍ አለባት። በየሳምንቱ ፈትሹት፤ ሥጋው ላይ መስመር ካወጣ ዛሬውኑ አውልቁት። ዶቃና ትንሽ ቃጭል ያለበትን ደግሞ በእንቅልፍ ሰዓት አታስተኙበት። ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚወስደው።

ስጦታ ነው፤ እንድታውቅብኝ አልፈልግም። እንዴት ልለካ?

የምታደርገውን አምባር ወይም ብራስሌት ለአንድ ደቂቃ አግኙት፤ ይበቃል። ድፍን አምባር ከሆነ ወረቀት ላይ አስቀምጡና በውስጥ በኩል በእርሳስ አዙራችሁ ሣሉት። በውጭ በኩል ከሣላችሁት የብረቱን ውፍረት ጨምራችሁ ትልቅ ታስደርጉታላችሁ። ሰንሰለት ከሆነ ዘርግታችሁ ከቁልፉ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ለኩ። ርዝመቱ እንዳለ ይበቃል፤ በላዩ ላይ ምንም አትጨምሩ። መጨመሪያው አስቀድሞ ውስጡ አለ።

በቴሌግራም ፎቶ የምትልኩ ከሆነ አምባሩ አጠገብ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ የኤቲኤም ካርድ አስቀምጡና ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱት። የካርዱን ቁጥር ግን በወረቀት ሸፍኑ። የእጇ ፎቶ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ጌጥ የማታደርግ ከሆነች እህቷን ወይም ጓደኛዋን ብትጠይቁ ይሻላል። ሴት ከሴት ጋር “የአንቺ አምባር ለእኔ ይገባል?” ብላ ብትሞክር ማንም አይጠረጥርም።

ልኩ ትንሽ ቢጨምር ዋጋው ስንት ይጨምራል?

ወርቅ በግራም ነው የሚሸጠው፤ ስለዚህ መልሱ በግራም ነው። 18 ሴንቲ ሜትሩ 9 ግራም የሚመዝን ቼን በየሴንቲ ሜትሩ ግማሽ ግራም ነው። 20 ብታደርጉት 10 ግራም ይሆናል። ድፍን አምባር ከ2.6 ወደ 2.8 ሲወጣ ክብደቱ 5 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። የእጅ ዋጋው ግን በዚህ ብቻ መጨመር የለበትም፤ ሥራው ያው ነውና። ሂሳቡ ሲነገራችሁ ግራሙንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ጠይቁ። “ትንሽ ጠበብ አድርገነው ብር እንቆጥብ” ለሚሉ ግን አልስማማም። የሚጠብ አምባር ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀረው።

አምባሩ ገባ፣ አሁን አልወጣ አለኝ!

አትሳቡት። እጃችሁን ከልብ በላይ ከፍ አድርጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ ያዙ፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ስስ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁና በአምባሩ ሥር አሳልፉት፤ ላዩን ሳሙና ወይም ዘይት ቀቡት። አውራ ጣታችሁን አጥፋችሁ አምባሩን በፌስታሉ ላይ እያንሸራተታችሁ ግፉት። ብዙ ጊዜ ይወጣል። ጣቶቻችሁ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም እጃችሁ ወድቃችሁበት ወይም ተመትቶ ያበጠ ከሆነ ግን ሳሙናውን ትታችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ አምባሩን ይቆርጡላችኋል። የተቆረጠ ይበየዳል።

የአያቴ የብር አምባር በልኬ አይደለም። ማስተካከል ይቻላል?

እንደ አሠራሩ ነው። ውስጡ ድፍን የሆነ፣ ድንጋይ የሌለው የብር ወይም የወርቅ አምባር በአንጥረኛ እጅ በትንሹ ይለጠጣል፤ አንድ ቁጥር ያህል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ተቆርጦ ብር ይጨመርበትና ይበየዳል። ለማጥበብም ተቆርጦ ይቀነሳል። ውስጡ ክፍት የሆነ አምባር ግን ሲለጠጥ ይሰረጉዳል። ድንጋይ ያለበትም ድንጋዩን ይጥላል። ጠለፍ ጠለፍ ተደርጎ በቀጭን የብር ሽቦ የተሠራውን ደግሞ እሳት በቀላሉ ያቀልጠዋል።

ድሮ የተሠሩ የአካባቢያችን የብር ጌጦች ላይ ግን ተለመኑኝ። ብዙ የድሮ ጌጥ የተሠራው ማርትሬዛ ብር እየቀለጠ ነው። ያ ገንዘብ ክብደቱ 28 ግራም፣ የብር መጠኑም 83 ከመቶ ገደማ ነበር። ዛሬ ሱቅ የምታገኙት 925 የሚባለው ብር 92.5 ከመቶ ነው። ሁለቱ በቀለምም በጥንካሬም አይመሳሰሉም፤ በአዲስ ብር የተቀጠለ የድሮ አምባር መገጣጠሚያው ይታወቃል። ሐረር ውስጥ ራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ግቡና የድሮዎቹን ጌጦች ቀርባችሁ እዩ። ጠርዛቸው በአሠርት ዓመታት ንክኪ እንዴት እንደለሰለሰ ስታዩ መጋዝ ለማስነካት አትቸኩሉም።

የሚሰፋችሁ ከሆነ በውስጥ በኩል ቀጭን ቆዳ ወይም ጨርቅ አስጠቅልሉት፤ ወይም ፊቱ ላይ ጠበብ ያለ ሌላ አምባር አድርጉበት፣ ይይዘዋል። የሚጠባችሁ ከሆነና የግድ ልታስተካክሉት ከወሰናችሁ፣ ጌጡን በሁሉም ጎን ፎቶ አንሱ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ፊታችሁ ይመዘን፤ ግራሙን ወረቀት ላይ አስጽፉ። ሲያልቅም እዚያው ሚዛን ላይ መልሱት፤ የተጨመረው ብር ተቀንሶ ቁጥሩ ይመሳከር።